በ«ኪው» የሚጀምሩ 23 ቃላት

የእንግሊዝኛ ቃላትን በፊደላቸው ብዛትና በመነሻ ፊደላቸው ብቻ ነፍቶ መደርደር በመጀመሪያ እይታ የሥራ ፈት ሥራ ይመስላል። ባለ አምስት ፊደል ሆነው በኤስ የሚጀምሩ፣ ባለ ሰባት ፊደል ሆነው በኤም የሚጀምሩ እየተባለ የሚዘጋጀው ዝርዝር የቃሉን ትርጉምም ሆነ የመጣበትን ቋንቋ ከቁም ነገር አይቆጥርም፤ የሚያየው የጽሑፉን ላይ ላዩን ነው። ይሁንና ዝርዝሮቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ፊደል በቃላት ተጨናንቆ፣ ሌላው ባዶውን ቀርቶ ይገኛል፤ የዚህ መበላለጥ ምክንያት ሲመረመር ደግሞ ነገሩ የድምፅ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ አንድ ቃል በየትኛው ፊደል ሥር እንደሚመደብ የሚወስነው የተናጋሪው አፍ ብቻ ሳይሆን ብዕር የያዘው የጸሐፊው እጅ ጭምር ነውና።

በመነሻ ፊደል መደርደር ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ዳዊት የሚደግም ሰው መዝሙር 118 ላይ ሲደርስ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል የሚሉ ርእሶችን ያገኛል። በዕብራይስጡ ይህ መዝሙር በ22ቱ ፊደላት ተከፍሎ፣ በእያንዳንዱ ፊደል ሥር ያሉት ስምንት ስምንት ቁጥሮች ሁሉ በዚያው ፊደል እንዲጀምሩ ተደርጎ የተደረሰ ስለሆነ በጠቅላላው 176 ቁጥሮች አሉት፤ ወደ ግእዝ ሲመለስ ግን ቃሉ ሲለወጥ መነሻ ፊደሉም አብሮ ስለሚለወጥ የተረፈው ርእሱ ብቻ ነው። ከርእሶቹ መካከል «ቆፍ» የሚለውን አንባቢ ልብ ይበል፤ ወደ ኋላ ይፈለጋል።

በእንግሊዝኛው ዓለም እንዲህ ያለውን ዝርዝር ተፈላጊ ያደረጉት የቃላት ጨዋታዎች ናቸው። ወደ ጎንና ወደ ታች እየተነበበ የሚሞላው የቃላት ሰንጠረዥ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1913 በአርተር ዊን አዘጋጅነት «ኒውዮርክ ወርልድ» በተባለው ጋዜጣ ከወጣ ወዲህ፣ ተጫዋቹ ስለሚፈልገው ቃል አስቀድሞ የሚያውቀው የባዶ ሳጥኖቹን ብዛትና አንዳንዴ የመጀመሪያውን ፊደል ስለሆነ፣ በርዝመትና በመነሻ ፊደል የተደረደሩ መዛግብት ገበያ አገኙ። ነገሩን በየሰው ስልክ ላይ ያደረሰው ግን ጆሽ ዋርድል የተባለው የሶፍትዌር ባለሙያ የሠራውና በራሱ ስም ላይ በመጫወት «ወርድል» ብሎ የሰየመው ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ የተሰወረውን ባለ አምስት ፊደል ቃል በስድስት ሙከራ እንዲያገኝ ይጠበቃል፤ በየሙከራው በትክክለኛ ቦታው የተቀመጠው ፊደል አረንጓዴ፣ ቃሉ ውስጥ ኖሮ ቦታውን የሳተው ቢጫ፣ ጨርሶ የሌለው ደግሞ ግራጫ እየሆነ ይመራዋል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2021 ጨዋታውን የተጫወቱት 90 ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ከሁለት ወር በኋላ ቁጥራቸው ከ300 ሺህ አለፈ፤ በጃንዋሪ 2022 ማብቂያ ላይ ደግሞ «ኒውዮርክ ታይምስ» ጋዜጣ ጨዋታውን ገዛው።

ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከጨዋታው ይልቅ የሚጠቅመው ከበስተጀርባው ያለው የቃላት ዝርዝር ነው። በእንግሊዝኛ ባለ አምስት ፊደል ተብለው የሚቆጠሩት ቃላት ከ12 ሺህ ይበልጣሉ፤ ከእነዚህ አብዛኞቹን ግን ተራው ተናጋሪ በሕይወቱ አይሰማቸውም። ስለዚህ ዋርድል ዝርዝሩን ለፍቅር አጋሩ ሰጥቶ የምታውቃቸውንና የማታውቃቸውን እንድትለይ አደረገ፤ መልስ ሆነው እንዲቀርቡ የተመረጡትም በመጀመሪያው ዝርዝር 2,315 ሆኑ። በየጥጋጥጉ ያለውን ቃል ሁሉ ከሚያግበሰብስ መዝገበ ቃላት ይልቅ ይህ ዝርዝር ለቆጠራ የተሻለ ነው፤ ሰው አፍ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ ያሳያልና።

2,315 ቃላት ለ26 ፊደላት እኩል ቢከፋፈሉ ለእያንዳንዱ 89 ያህል ይደርስ ነበር። በእውነተኛው ድልድል ግን በኤስ የሚጀምሩት 366፣ በሲ የሚጀምሩት 198፣ በቢ የሚጀምሩት 173፣ በቲ የሚጀምሩት 149 ናቸው። በድህነቱ ጫፍ ኪው 23፣ ጄ 20፣ ኬ 20፣ ዋይ 6፣ ዜድ 3 ቃላት ሲኖራቸው ኤክስ ባዶ እጁን ቀርቷል። የእነዚህ የስድስቱ ድኾች ድምር 72 ነው፤ ኤስ ብቻውን ከዚህ ከአምስት እጥፍ በላይ አለው።

የኤስ ሀብት አንዱ ምንጭ ከሌሎች ተነባቢዎች ጋር ያለ ምንም አናባቢ ተጣብቆ ቃል መጀመር መቻሉ ነው። ድንጋይ «ስቶን»፣ እባብ «ስኔክ»፣ ጭስ «ስሞክ»፣ እንቅልፍ «ስሊፕ»፣ ማንኪያ «ስፑን»፣ ጣፋጭ «ስዊት» ይባላል፤ ከኤስ ቀጥሎ ቲ፣ ኤን፣ ኤም፣ ኤል፣ ፒ፣ ደብልዩ እየተከተሉት በእያንዳንዱ ጥምረት ሌላ የቃል ቤተሰብ ይወለዳል፤ ሌላ የትኛውም የእንግሊዝኛ ፊደል ይህን ያህል ባልንጀራ የለውም። አማርኛ በቃል መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያለውን መደራረብ ስለማይወድ ከፊቱ አናባቢ ያቆምለታል፤ «እስፖርት»፣ «እስታዲየም» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ምንጭ የአጻጻፍ እንጂ የድምፅ አይደለም። አማርኛ ለ«ሰ» እና ለ«ሸ» የተለያየ ፊደል ሲኖረው እንግሊዝኛ ለ«ሸ» ድምፅ የራሱ ምልክት ስለሌለው ኤስን ከኤች ጋር አጣምሮ ይጽፈዋል፤ በመሆኑም በግ ማለት የሆነው «ሺፕ»ም፣ በአማርኛ የመንገድ ንግግር ውስጥ ሥር የሰደደው «ሼም»ም በኤስ ሥር ይሰለፋሉ። ለ«ሸ» የተለየ ፊደል ተቀርጾ ቢሆን ኖሮ የኤስ ጎተራ በአንድ ጊዜ በጎደለ ነበር። በቲ ላይ የደረሰው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ያው ነው። ጥንታዊ እንግሊዝኛ ማለትም ከኖርማኖች ወረራ በፊት የነበረው ቋንቋ፣ ምላስን በጥርስ መካከል አድርጎ ለሚወጣው ድምፅ «ቶርን» የተባለ ልዩ ፊደል ነበረው፤ አይስላንዳውያን እስከ ዛሬ ይጽፉበታል። በ15ኛው መቶ ዓመት ማተሚያ ወደ እንግሊዝ ሲገባ ከአህጉሩ የመጡት የብረት ፊደላት ይህን ምልክት ስላልያዙ፣ ቀድሞም እየተዳከመ የነበረው ቶርን ጨርሶ ጠፋና ድምፁ በቲና በኤች ጥምረት መጻፉ ጸና። ሦስት ማለት የሆነው ቃልም፣ ማሰብ ማለት የሆነው ቃልም የራሳቸው ቤት ፈርሶ የቲ ጥገኞች የሆኑት እንዲህ ነው።

የጸሐፊው እጅ ከሁሉም በላይ ጎልቶ የሚታየው ግን በኪው ላይ ነው። አልፍሬድ በትስ የተባለው አርክቴክት በ1930ዎቹ የአሜሪካ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ሥራ አጥቶ ሳለ፣ ፊደላት በጋዜጣ ገጽ ላይ ምን ያህል ጊዜ እንደሚመላለሱ ቆጥሮ ኋላ «ስክራብል» የተባለውን ጨዋታ ሲፈጥር፣ ከ100ዎቹ ጠጠሮች ለኪው አንድ ብቻ ሰጥቶ የ10 ነጥብ ዋጋ ተመነለት፤ ኤስን ደግሞ በቃል መጨረሻ ላይ ገብቶ ብዙ ቁጥር ስለሚያደርግ ጨዋታውን እንዳያቀልለው ብሎ በ4 ገደበው። ኪው ያን ያህል የተወደደው ለብቻው መቆም ስለማይችል ነው፤ 23ቱም የወርድል ቃላት ሁለተኛ ፊደላቸው ዩ ነው፤ አንድም የሚያፈነግጥ የለም።

ኪው እና ዩ ተጣምረው የሚሰጡት ድምፅ የግእዝ ፊደል በአንድ ምልክት የሚጽፈው፣ የ«ኰ» ዓይነት ከንፈርን የሚያሞጠሙጥ ድምፅ ነው። ግእዝ ለዚህ ሲል «ዲቃላ» የሚባሉትን ቈ፣ ኰ፣ ጐ፣ ኈ ይዟል፤ «ቋንቋ» የሚለው ቃል ራሱ ከሦስት ፊደላቱ ሁለቱ ከዚህ ወገን ናቸው። የላቲኑ ኪው በትውልድም ለግእዝ ሩቅ አይደለም። በመዝሙር 118 ርእስነት የተጠቀሰው የሴማውያን «ቆፍ» በፊንቄያውያንና በግሪኮች በኩል አልፎ ኪው ሆነ፤ በሌላው የቤተሰቡ ቅርንጫፍ ደግሞ በደቡብ ዓረብ ጽሕፈት በኩል ወርዶ «ቀ» ሆነ። ሮማውያን በአፋቸው የ«ቀ» ድምፅ ስላልነበራቸውና ለ«ከ» ድምፅ ሌላ ፊደል ስለነበራቸው፣ ሥራ የፈታውን ኪው ከዩ ፊት ብቻ እንዲቆም አደረጉት፤ ልማዱም ከላቲን ወደ ፈረንሳይኛ ተሻገረ።

ጥንታዊ እንግሊዝኛ ግን ይህን ድምፅ በኪው አይጽፈውም ነበር። ዛሬ ንግሥት ማለት የሆነው «ኩዊን» ያን ጊዜ ሲ፣ ከዚያም ዛሬ በደብልዩ የሚተካው ምልክት፣ ቀጥሎ ኢ እና ኤን ሆኖ በአራት ፊደል ይጻፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ በፈረንሳይኛና በላቲን ልማድ የሠለጠኑ ጸሐፍት የመጻፉን ሥራ ስለወሰዱ፣ በሲ ፋንታ ኪው፣ በተከታዩ ፋንታ ዩ አስገቡ፤ ረጅሙን አናባቢ ለማሳየትም ኢ በኋላ ዘመን ተደገመ። ቃሉ በአራት ፊደል ከሲ ሥር ተነሥቶ በአምስት ፊደል ኪው ሥር ሰፈረ። ከሰፈሩ ሲነቅሉት በአፍ የሚነገረው መነሻ ድምፅ አልተነካም፤ ገበሬው እንደ ወትሮው ይናገረው ነበር። ፈጣን ማለት የሆነው «ኩዊክ»ም እንዲሁ ከአራት ፊደል ወደ አምስት አድጎ ከሲ ወደ ኪው የተሰደደ ነው፤ የጥንት ትርጉሙም ሕያው ማለት ነበር። ጸጥ ማሰኘት ማለት የሆነው «ኩዌል» በጥንቱ ቋንቋ መግደል ነበር፤ መንቀጥቀጥ ማለት የሆነው «ኩዌክ» እና ዛሬ በጥንት መጻሕፍት ብቻ የቀረው፣ «አለ» የሚል ትርጉም ያለው «ኩዎዝ»ም የዚሁ የአገሬው ወገን ናቸው። እንግዲህ ዛሬ በኪው ዝርዝር ላይ እንግሊዛዊ ሆነው የሚታዩት እነዚህ ቃላት በዚያ የቆሙት ፈረንሳይኛ የለመደ ብዕር ስላቆማቸው ነው። «ኩዊን» በግእዝ ፊደል «ኲን» ተብሎ ቢጻፍ ደግሞ አምስቱ ፊደል ወደ ሁለት ይወርዳል፤ በአንጻሩ «ኢትዮጵያ» በራሷ ፊደል አምስት ሆና በላቲኑ ስምንት ትሆናለች፤ የቃል ርዝመት የሚባለው ነገር ምን ያህል የጽሕፈቱ ጠባይ እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

የቀሩት አብዛኞቹ የኪው ቃላት ከመጀመሪያውም ከላቲንና ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው። ድርሻ ማለት የሆነው «ኩዎታ» አማርኛ «ኮታ» ብሎ የከንፈሩን ድምፅ አራግፎ የወሰደው ነው። ጸጥተኛ ማለት የሆነው «ኩዋየት» እና ፈጽሞ ማለት የሆነው «ኩዋይት» አምስቱም ፊደላቸው አንድ ሆኖ የቦታ ቅደም ተከተላቸው ብቻ ይለያያል፤ ይህ ግጥጥም የአጋጣሚ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱም ዕረፍትን ከሚያመለክት ከአንድ የላቲን ቃል የወጡ ወንድማማቾች ናቸው። ሰልፍ ማለት የሆነው «ኪው» በፈረንሳይኛ ጅራት ማለት ሲሆን፣ አነባበቡ ከፊደሉ ስም አንድ በመሆኑ ከኪው በኋላ የተሰለፉት አራት አናባቢዎች ያለ ሥራ የቆሙ ናቸው። «ኩዋርክ» ደግሞ የተለየ ነው። ፊዚሲስቱ ሙሬይ ጌልማን እ.ኤ.አ. በ1964 የአቶም እምብርት የሆኑትን ፕሮቶንና ኒውትሮን የሚያስገኙትን ንኡሳን ቅንጣቶች ስም ሲያወጣላቸው ድምፁን አስቀድሞ ያሰበው ሲሆን፣ አጻጻፉን ያገኘው ግን ጄምስ ጆይስ በ1939 ካሳተመው «ፊኔጋንስ ዌክ» ከተባለው ልብ ወለድ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመትም፣ በሳይንስ ቤት ውስጥም፣ የቃሉን መነሻ ፊደል የወሰነው መጽሐፍ ነበር ማለት ነው።

ያለ ዩ በኪው የሚጀምሩ ባለ አምስት ፊደል ቃላትን ለማግኘት ጨዋታው ለሙከራ ብቻ ወደሚቀበለው ወደ ሰፊው ዝርዝር መውረድ ያስፈልጋል፤ በዚያ ሙስሊሞች ለሶላት ፊታቸውን የሚያዞሩበት «ቂብላ»፣ የሸሪዓ ዳኛ የሆነው «ቃዲ» በብዙ ቁጥር፣ የፋርስ የምድር ውስጥ የውኃ ቦይ የሆነው «ቃናት» ይገኛሉ። እነዚህ ዩን የማይሹት ከዓረብኛው «ቃፍ» ስለተገለበጡ ነው፤ ኪው በእነርሱ ላይ ወደ ጥንተ ድምፁ ተመልሷል። የብዙ ኢትዮጵያውያን የሥራ አገር የሆነችው የባሕረ ሰላጤዋ አገርም ስሟ በዓረብኛ በዚሁ ፊደል ይጀምራል፤ «ቀጠር» ለማለት አማርኛ ፊደሉም አንደበቱም ሞልቶለት ሳለ «ኳታር» ማለቱ፣ ስሙን ከጎረቤት አፍ ሳይሆን ኪው ባለበት ሁሉ ዩ ያለ ከሚመስለው ከአውሮፓ ጽሑፍ የወሰደው ያስመስለዋል።

የኬ ታሪክ የኪው ግልባጭ ነው። ጥንታዊ እንግሊዝኛ የ«ከ» ድምፅን በአብዛኛው በሲ ይጽፍ ስለነበር የኬ መደርደሪያ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ኖርማኖች ግን ሲ በተወሰኑ አናባቢዎች ፊት እንደ «ሰ» ስለሚነበብባቸው ለማያሻማው ኬ ቦታ ሰጡት። ከ20ዎቹ የኬ ቃላት ልክ ግማሾቹ፣ ማለትም 10 ቃላት፣ በኬና በኤን የሚጀምሩ ናቸው፤ ቢላዋ ማለት የሆነው «ናይፍ» እና ማንኳኳት ማለት የሆነው «ኖክ» ከእነዚህ ናቸው። ኬው እስከ 17ኛው መቶ ዓመት አካባቢ ድረስ በአፍ ይነገር ነበር፤ አሁን ድምፁ ሞቶ አጽሙ ብቻ ቀርቷል፤ ዝርዝሩ በጆሮ ቢዘጋጅ 10ሩም ወደ ኤን ይዛወሩ ነበር። ከቀሩት ስምንቱ የባሕር ማዶ ሰዎች ናቸው፤ «ካያክ» ከግሪንላንድ፣ «ካርማ» ከሕንድ፣ «ኮዋላ» ከአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች መጥተዋል። በአዲስ አበባ ሰፈሮች የሚታወቀው «ኪዮስክ» በቱርክ በኩል ከፋርስ የተነሣ ሲሆን፣ ኢትዮጵያውያን ለደንብ ልብስ ጨርቅና ለፖስታ የሚሉት «ካኪ» ደግሞ በፋርስኛና በኡርዱ አቧራማ ማለት ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ የገባውም በሕንድ በነበረው የእንግሊዝ ጦር በኩል ነው።

ጄ ከአይ ተለይቶ ራሱን የቻለ ፊደል የሆነው ዘግይቶ ነው፤ ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው ዝነኛ መዝገበ ቃላት እንኳ የሁለቱን ቃላት አንድ ላይ ደባልቆ ደርድሯቸዋል። ዳኛ፣ ጭማቂ፣ ጌጥ ማለት የሆኑት የጄ ቃላት ሁሉ በፈረንሳይኛ በኩል የገቡ ናቸው። ይኸው ጆንሰን ኤክስ ላይ ሲደርስ በዚህ ፊደል የሚጀምር የእንግሊዝኛ ቃል የለም ብሎ አለፈ፤ ዛሬ በአምስት ፊደል የሚገኙት «ዜኖን» እና «ዛይለም» ሳይንቲስቶች ኋላ ከግሪክኛ የቀረጿቸው ናቸው። የመጀመሪያው ዊልያም ራምሴይና ሞሪስ ትራቨርስ እ.ኤ.አ. በ1898 ያገኙት ጋዝ ሲሆን ስሙ እንግዳ ማለት ነው፤ ሁለተኛው በተክል ግንድ ውስጥ ውኃ የሚያመላልሰው ሕብረ ሕዋስ ነው። በአፍ ሁለቱም የዜድ ናቸው፤ በጽሑፍ ብቻ የኤክስ።

ዜድ ራሱ በወርድል ዝርዝር ያለው ሦስት ቃል ነው፤ ከእነዚህ የስም ዓይነት የሆነው አንዱ «ዚብራ» ብቻ ነው። ብዙዎቹ የቃላት አመጣጥ ተመራማሪዎች እንደሚስማሙበት፣ ቃሉ መጀመሪያ በስፔንና በፖርቱጋል ምድር ይኖር የነበረ የዱር አህያ መጠሪያ ሲሆን፣ ፖርቱጋላውያን መርከበኞች ወደ አፍሪካ ሲመጡ ባለ ዝንጉርጉሩን እንስሳ በዚያው ስም ጠሩት። አማርኛም ከእነርሱ ሳይማር «የሜዳ አህያ» ይለዋል። ከዝርያዎቹ በአካሉ ትልቁና በዝንጉርጉሩ ረቂቅ የሆነው፣ ዛሬ በሰሜን ኬንያና በኢትዮጵያ፣ ለምሳሌም በአፋር በአላይደጌ፣ በጥቂት ቁጥር የተረፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1882 ሳይንሳዊ ስም ሲወጣለት፣ ከሐበሻ ምድር አንድ እንስሳ በስጦታ ለተላከላቸው ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ ተሰይሟል። «ግሬቪ» በላቲን ፊደል ሲጻፍ ልክ አምስት ፊደል ነው፤ የሰው ስም በመሆኑ ግን በጂ ዝርዝር ውስጥ አልገባም።